ቅዳሜ ቅዳሜ የምትታመመው ጂፕ

አባቴ ጎማ ሳይመታ መኪና አስነስቶ የወጣው በዕድሜው አንድ ቀን ብቻ ነው። እኔ አባቴን በእነዚህ ሁለት እጆቼ ያሳሰርኩትም ያን ቀን ነው። ነገሩ አርባ ዓመት አለፈው። ሠላሳ ዘጠኙን ዓመት ሌላ ታሪክ ይዤ ነው የኖርኩት።

ዘመኑ 1976 ነው፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ሥር ነው። አባቴ ጉደታ እንጦጦ ላይ ችግኝ ለሚያፈላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። ሠራተኞቹን በማለዳ ዳገቱ ላይ ማድረስ ስላለበት፣ አረንጓዴዋ ጂፕ የምታድረው እኛ ግቢ ነው።

ጠዋት ጠዋት ከቤት ሲወጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አራቱንም ጎማ እየዞረ በተረከዙ መምታት ነበር። ድው፣ ድው፣ ድው፣ ድው። እኔ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ አራቱን እቆጥራለሁ። ከአራቱ የአንዱ ድምፅ ከደነዘዘ፣ ከዚያ ቀጥሎ የመንፊያው እስትንፋስ እንደሚሰማ አውቃለሁ።

"ስሚ መሲ፣" ይለኛል፣ "ጎማዋ የጎደለ መኪና ማለት ጭቃ ውስጥ የምትራመድ ሴት ማለት ናት። መንገዱ ያው ነው፤ ድካሙ ግን እጥፍ።"

ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ ክብ ቆርቆሮ ውስጥ ያለውን የአየር ማጣሪያ ያወጣል። ድንጋይ ላይ በስሱ መታ መታ ሲያደርገው የእንጦጦ አቧራ ቡን ይላል፤ ሁለታችንም እናስነጥሳለን። "ይኼ ሳንባዋ ነው። አየር ሲያጥራት ቤንዚን ትጠጣለች። ሰውም ሲታፈን ይጠማዋል።"

አነዳዱንማ ምኑን ልንገራችሁ! እንጨት የጫነች አህያ ከሁለት ጠመዝማዛ በፊት አይቶ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳል። ፍሬን መርገጥ አይወድም። "የረገጥሽው ፍሬን ሁሉ የደፋሽው ቤንዚን ነው" ይላል። ከመኪናዋ ኋላ የተጣለ ትርፍ ብረት፣ የረጠበ የአፈር ጆንያ፣ የተረሳ አካፋ ካየ አውርዶ ነው የሚንቀሳቀሰው። የመሥሪያ ቤቱ ሹፌሮች "ጉደታ መኪና አይነዳም፣ ያስታምማል እንጂ" እያሉ ይስቁበት ነበር። እኔ ግን ሁሉንም ተማርኩ። በሰፈሩ ጎማ የምትነፋ ሴት ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ልጆቹ "ሹፌሯ! ሹፌሯ!" ይሉኛል፤ ስድብ መሆኑ ቢገባኝም ደስ ይለኝ ነበር።

በአባቴ የማፍረው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ጸሎት ላይ አይገኝም።

ጸሎት ቤታችን በደርግ ከታሸገች ወዲህ ወገኖች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። አብረው አይመጡም። አንዷ ወንፊት ልትዋስ ትመጣለች፣ አንዱ ዶሮ በብብቱ ይዞ ሊሸጥ ይመጣል። ያቺ ዶሮ ስድስት ቅዳሜ መጥታ ስድስት ቅዳሜ ሳትሸጥ ተመልሳለች። የጓዳው መስኮት በብርድ ልብስ ይሸፈናል፤ እናቴ አሳየች ከመስኮቱ አጠገብ ትቆማለች፤ ሽማግሌያችን ጋሼ ሠረቀብርሃን መሐል ይቀመጣሉ። የሬሳ ሣጥን የመሰለ ጥቁር ኮት የማይለያቸው ረጅም ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ከደረታቸው ሳይሆን ከመሬት ሥር የሚወጣ ይመስላል። ሲጸልዩ የጀርባዬ ቆዳ ይሰበሰባል።

አባቴ ያን ሁሉ ጊዜ ውጭ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ እጁን ካርቡራተሩ ላይ አድርጎ ቆሟል። የጭሱ ሽታ በበሩ ሥር ይገባል። ደግሞ የሚገርመኝ፣ ዝማሬው ከፍ ሲል ሞተሩም ከፍ ብሎ ይጮሃል፤ ዝማሬው ሲወርድ እሱም ይወርዳል። እግዚአብሔርን የሚፎካከር፣ በላዩ ላይ የሚጮህ ይመስለኝ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ "ጌታ ሆይ፣ የአባቴን ልብ መልሰው" እያልኩ አለቅስ ነበር።

ከአጥራችን ማዶ ካለው ድንጋይ ላይ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይቀመጣሉ። የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ እትዬ አገርነሽም ያን ሰዓት በደጃችን ሳያልፉ አይቀሩም።

"አንተ ጉደታ! ዛሬም ታመመችብህ?"

"ምን ላድርግ እትዬ አገርነሽ፤ አርጅታለች።"

"ሳምንቱን ሙሉ ዳገት ስትወጣ ደህና፣ ቅዳሜ ሲደርስ ጣር! ሰንበት የምታከብር መኪና ዛሬ ገና አየሁ።"

ጥበቃዎቹ ይስቃሉ። አባቴም አብሮ ይስቃል።

አሁን ሳስበው ያን ሳቅ እንዴት እንደሳቀው አላውቅም። ሞተሩ ቢጠፋ፣ ቤንዚኑ ቢያልቅ፣ ጭሱ አፍኖት አንድ ደቂቃ ዞር ቢል፣ የአሥራ አምስት ሰው ዝማሬ በዚያ አጥር ላይ ዘልሎ ጥበቃዎቹ ጭን ላይ ነበር የሚቀመጠው። እናቴ መስኮቱ አጠገብ የምትቆመው ብርድ ልብሱን በጣቷ እያነቃነቀች ለእሱ ምልክት ልትሰጠው ነው። ወገኖች ይዘምሩ ነበር፤ አባቴ ዝማሬያቸውን ይሸፍን ነበር። እኔ ከመካከላቸው ለእሱ ነፍስ አለቅስ ነበር።

አንድ ቀን ጠየቅኩት። "አባዬ፣ ለምን አትገባም?"

"መኪናዋን ማን ይጠብቃት?"

"መኪና ከእግዚአብሔር ይበልጣል?"

 በዘይት የጠቆረ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ።

መጀመሪያ ነገሩ ቅዳሜ ብቻ ነበር። በኋላ ረቡዕም ተጨመረ። ሰዓቱም ረዘመ። ጋሼ ሠረቀብርሃን ከጸሎት ሲወጡ አባቴ መንገድ ላይ አቆማቸው፤ እኔ የውሃ ጣሳ ይዤ አጠገባቸው ነበርኩ።

"ጋሼ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሲሆን ዳገቱ ላይ የቆጠብኩት ይሸፍነው ነበር። አሁን አልሸፍን አለ። ቆማ ስትሠራ ቤንዚኑ ያልቃል፣ ኪሎሜትሩ ግን አይቆጥርም። መዝገቡ አልገጥም ብሎኛል።"

"ወንድም ጉደታ፣ የእግዚአብሔር ነገር በሊትር ይለካል እንዴ?"

"የእግዚአብሔር አይለካም። የመንግሥት ግን ይለካል።"

ጋሼ ሠረቀብርሃን ፈገግ ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "ጌታ ያዘጋጃል" አሉና ሄዱ። እኔ በአባቴ አፈርኩ። ከጌታ ጋር በቤንዚን የሚከራከር ሰው!

ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ፈገግታ ነው። ጌታ ያዘጋጀውማ ከፊታቸው ቆሞ ነበር። ጎማ እየነፋ፣ ማጣሪያ እያራገፈ፣ ቁልቁለቱን እግሩን አንስቶ እየወረደ፣ ከተፈቀደለት ላይ ጠብታ በጠብታ ያጠራቀመውን እነሱ የሚዘምሩበት ሰዓት ላይ ያነደው ነበር። ያም አልበቃቸውም።

ጌታም እሳቸው እንዳሉት አላዘጋጀም። መሥሪያ ቤቱ ነዳጅ የሚያባክን የአብዮቱ ጠላት ነው የሚል ወረቀት ለጠፈ። የስምሪት ኃላፊው የአባቴን መዝገብ ገልጦ "ለሌሎቹ ሊትሩ ስድስት ኪሎሜትር ያስኬዳል፤ ላንተ አራት። ወይ መኪናዋ በሽተኛ ናት፣ ወይ ሹፌሩ ሌባ ነው። ሰኞ በአንድ ሊትር ጠርሙስ እንለካታለን" አለው። አባቴ ይህን እራት ላይ ሲናገር እናቴ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ትሪው ላይ አኖረችው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሠረቀብርሃን ብቻቸውን መጡ። እኔ ከማገዶው ክምር ኋላ ነበርኩ፤ አላዩኝም።

"መኪናዋ በሽተኛ ሆና መገኘት አለባት።"

"ጤነኛ ናት ጋሼ። እኔ ነኝ የያዝኳት።"

"ለአንድ ቀን ትታመም! ጋራዥ ያስገቧታል፣ አንተን ይመክሩሃል፣ ያልቃል። ጤነኛ ከሆነች ግን ቤንዚኑን የት አደረስከው ይሉሃል። ያኔ ምን ትላለህ? አሥራ አምስት ሰው ነው።"

"ገብቶኛል።" አባቴ እጆቹን አያቸው። "እጄ ግን እሺ አይለኝም።"

 ጋሼ ሠረቀብርሃን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እንግዲያው ግባ። ዞር በልና ግባ። አላየህም" አሉት።

የመጨረሻው ንግግር ያኔ አልተሰማኝም፤ ሙሉውን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለውንም ቢሆን ቁርጥራጩን ነው የያዝኩት፤ "በሽተኛ"፣ "ጤነኛ"፣ "ትታመም"። ያየሁት ግን አባቴ ቤት ገብቶ በሩን ሲዘጋ ነው። ጋሼ ሠረቀብርሃን ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉ። እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። ጎማው ሥር ቁጢጥ ብለው በክብሪት እንጨት ነፋሱን አስተነፈሱት፤ ጥስስስ ሲል እኔ ውስጥ የሆነ ነገር አብሮ ተነፈሰ። አራቱንም እንዲያ አደረጉ። ኮፈኑን ከፍተው የማጣሪያው አፍ ላይ በዘይት የራሰ ጨርቅ ወተፉ። ኮታቸውን ለበሱና አቧራቸውን አራግፈው ወጡ።

በልጅ ጭንቅላቴ ያነበብኩት ይኸው ነው። አባቴ ጤነኛ ናት አለ። እሳቸው ትታመም አሉ። አባቴ እምቢ ብሎ ገባ። እሳቸው ከጀርባው መርዝ ሰጧት። ጋሼ ሠረቀብርሃን ለካ የአባቴ ጠላት ናቸው!

ለምን አልጮህኩም? ለምን ሮጬ ለአባቴ አልተናገርኩም? እኛ እንደዚያ ነው ያደግነው። እናቴ ክንዴን ቆንጥጣ ያስተማረችኝ አንድ ሕግ ነበር፦ "እዚህ ቤት የሚመጡ ሰዎች ሲያደርጉ ያየሽውን ዓይንሽ ውስጥ ቅበሪው። ለእኔም አትንገሪኝ።" ሌላው ልጅ ያየውን ይናገራል፤ እኛ የታሸገ ጸሎት ቤት ልጆች ነን፣ አንናገርም። ስለዚህ አልተናገርኩም። የማውቀውን ግን ላደርግ እችል ነበር።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ተነሳሁ። ሣሩ ላይ ጤዛ ነበር፤ ከሚካኤል የካህናቱ ዜማ ይወርዳል። መንፊያውን እንዳይጮህ በእናቴ አሮጌ ቀሚስ ጠቀለልኩት። ለመጀመሪያው ጎማ መቶ ሃያ ቆጠርኩ፤ ለሁለተኛው መቁጠሩን ተውኩ። በሦስተኛው መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ በአራተኛው ፈነዳ። እያንዳንዱን በተረከዜ ሞከርኩ። ድው አለኝ። ከዚያ የተወተፈውን ጨርቅ መዝዤ ሽንት ቤት ጣልኩት፤ ማጣሪያውን አውጥቼ አባቴ እንደሚያደርገው ድንጋይ ላይ በስሱ መታሁት። ኮፈኑን ስዘጋ ግንባሬን አስደግፌበት "ጌታ ሆይ፣ ዛሬ አባቴ አንደኛ ይውጣ" ብዬ ጸለይኩ።

ያን ጸሎት እግዚአብሔር ለምን ሰማኝ ብዬ አልጠይቅም እላለሁ። ግን እጠይቃለሁ።

አባቴ ወጣ። አልጋዬ ውስጥ ተመልሼ አራቱን ድው ጠበቅኩ። አልመታም። ተነስቼ በበሩ ስንጥቅ አየሁት፤ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ጀርባውን ለጂፗ ሰጥቶ፣ የባሕር ዛፉን ጫፍ ያያል። ለምን እንደማይመታ አልገባኝም፤ ተናደድኩ። ይምታው እንጂ፣ የእኔን ሥራ ይስማው እንጂ! ጎማው እንደጎደለ ማወቅ ያልፈለገው፣ ካወቀ መንፋት ስላለበት ነበር።

በሁለት ሰዓት ሦስት ሰዎች መጡ። የስምሪት ኃላፊው፣ አንድ ካድሬ፣ ደግሞ ከጉርድ ሾላ ጋራዥ ከድር የሚባል ወጣት መካኒክ። ከድር የቤንዚኑን ቧንቧ ከጋኑ ነቅሎ መኪናዋ ውስጥ ከተንጠለጠለ ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ ጋር አገናኘው። ከዚያ ለሞተሩ ብልጭታ የሚሰጡትን አራቱን ካንዴላዎች ፈታ። አንዷን ወደ ብርሃኑ አነሳና አያት፤ ከሰል የመሰለች ጥቁር ነበረች። ቀና ብሎ አባቴን አየው። ወዲያው አራቱንም ኪሱ ከተተና ሌሎች ንጹሕ አራት አስገባ። ሲሠራ ካድሬው ሲጋራ እያቀጣጠለ ነበር። እኔ ግን አየሁት። ይህኛው ደግሞ ካንዴላ ሰረቀ አልኩ በልቤ፤ ይህንንም ዓይኔ ውስጥ ቀበርኩት።

ሄዱ። ወደ መገናኛ ወርደው፣ እስከ ጉርድ ሾላና ከዚያም አልፈው፣ ሊትሩ እስኪያልቅ ነው የሚሄዱት። ደጅ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። እናቴ ቤት ውስጥ ተንበርክካለች። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ፀሐይዋ አጥሩን አልፋ ነበር ሲመለሱ። መጀመሪያ የወረደው ኃላፊው ነው። የአባቴን ትከሻ ይዞ፣ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ እየሳቀ፦

"እንኳን ደስ ያለህ ጓድ ጉደታ! ዘጠኝ ኪሎሜትር! በአንድ ሊትር ዘጠኝ! ከመሥሪያ ቤቱ መኪና ሁሉ አንደኛ!"

አጨበጨብኩ። በፈነዱት መዳፎቼ፣ ብቻዬን፣ ግቢው መሐል ቆሜ አጨበጨብኩ።

ኃላፊው ሳቁን አቆመ። "እንግዲህ ንገረን። ሌላው ቤንዚን የት ገባ?"

አባቴ ግን እሱን አላየውም። የሚያየው እጆቼን ነበር። ቆዳቸው የተላጠ፣ በጎማ ጥቁረት የተለቀለቁ ሁለት ትንንሽ እጆች። ዓይኑን ከእነሱ ላይ ሳያነሳ መለሰ።

"ሸጬዋለሁ።"

"ለማን?"

"ለማላውቀው ሰው። መንገድ ላይ።"

ርቦኝ አልራበኝም ብል የሚቆጣኝ አባቴ! ውሸት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ስለዚህ አመንኩት። እጁን ወደ ኋላ ሲያስሩት፣ ጮማ በልቶ አፉን እንደጠረገ ሌባ ነበር ያየሁት።

ሦስት ዓመት ታሰረ። በገባ በሦስተኛው ሳምንት ወገኖች ሌላ ቤት ተሰብስበው ውሳኔ አነበቡ፤ "ወንድም ጉደታ የመንግሥት ንብረት መስረቁን በገዛ አንደበቱ ስላመነ ከኅብረት ታግዷል።" ያነበቡት ጋሼ ሠረቀብርሃን ናቸው። ጎማውን ያስተነፈሱት እጆች ወረቀቱን ያዙት። እናቴ ከዚያ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ እስከ ማታ ተቀመጠች። ጋሼ ሠረቀብርሃን ምን እንዳደረጉ ልነግራት አፌን ስከፍት በጥፊ ነው የዘጋችው። ልትቀጣኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አሥራ አምስቱን ሰው እየደበቀች ነው።

ደርግ ወደቀ። ጸሎት ቤቷ ተከፈተች፤ ጋሼ ሠረቀብርሃን ዋና ሽማግሌ ሆኑ። አባቴ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ መቀመጥ ጀመረ። እገዳው የሚነሳለት ጉባኤ ፊት ቆሞ "ሰርቄያለሁ፣ ይቅር በሉኝ" ካለ ነው አሉት። አልልም አለ። የጌታ እራት ሲዞር ሳህኑ በፊቱ ያልፋል፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲያልፍ ያየዋል። አንድ ጊዜ ሳህኑን የያዙት ራሳቸው ጋሼ ሠረቀብርሃን ነበሩ። አልቆሙም። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲያ ሆነ። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ቁራሼን አነሳ ነበር። በልቤ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ሌብነቱን ይቅር ብዬ የምጦረው ደግ ልጅ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ይቅርታዬን እዩልኝ!

አባቴ ባለፈው ዓመት ሞተ። የታገደ ነውና የጸሎት ቤቷ መዘምራን አልመጡም። በሁለተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"አላወቅሽኝም። ከድር ነኝ፤ መካኒኩ። ወህኒ ቤት ስንቅ ሳመላልስለት ሁሉን አጫውቶኛል፤ አንቺ ያኔ ትምህርት ቤት ነበርሽ።" ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ፈቱት። ጥቁር ካንዴላ። "አባትሽ ሌባ አልነበረም፣ ልጄ።"

"ጋሽ ከድር፣ እሱ ራሱ ነው ያመነው።"

"እሱን ተይውና ይቺን እያት። መንገድ ላይ የምትሮጥ መኪና ካንዴላዋ ቡናማ ነው። እንዲህ ጥቀርሻ የሚለብሰው ቆማ ስትነድ ነው፤ ለሰዓታት፣ ጎማዋ ሳይዞር። ቤንዚኑ የት እንደገባ እዚህ ላይ ተጽፏል። የት ቆማ ነደደች ብለው እንዳይጠይቁት ደበቅኩለት። ቅዳሜ ቅዳሜ እናንተ ቤት ምን እንዳለ የማይታወቅ ይመስላችሁ ነበር? እኔ የሰው ጸሎት ላይ አላሳብቅም።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ግን በደልኩት። ንጹሕ ካንዴላ ቤንዚን ይቆጥባል። እኔ በካንዴላ፣ አንቺ በጎማ፣ የሚወዱት ሁለት ሰዎች ሆነን አሳሰርነው።"

"እኔ በጎማ?" አልኩ። 

"አጠገቡ ነበርኩ። መገናኛ ሳንደርስ መሪው ቀለለው። 'ከድር፣ ጎማዎቹ ሙሉ ናቸው' አለኝ በሹክሹክታ። ትንሽ ቆይቶ 'ልጄ ናት' አለ። ነዳጁን ርገጠው፣ አስጩኸው፣ ሊትሩ ቶሎ ይለቅ አልኩት። ሞከረ። ካድሬው ከኋላ 'እንደ ሰው ንዳ!' ብሎ ሲጮህበት ተወው።"

"ታዲያ ከደርግ በኋላ? ለምን ዝም አለ? ማን ይገድለው ነበር?"

"እኔም ጠይቄው ነበር።" ካንዴላዋን መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። "'ከተናገርኩ መሲ ጎማውን ማን እንደነፋ ታውቃለች' አለኝ።"

ድንኳኑ ውስጥ አላለቀስኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደረቴ ያለው ነገር እንባ አይደለም።

አባቴ ዝም ያለው ለእኔ ነው። ጋሼ ሠረቀብርሃን ዝም ያሉት ለማን ነው? የእኔን ስም መጥራት አያስፈልጋቸውም ነበር። "ይህ ሰው ሞተሩን ያስነሳልን ነበር" ብቻ። ሁለት ትንፋሽ አይሞላም።

ባለፈው ጥር ጸሎት ቤቷ የስደቷን ዘመን ታሪክ የምታስብበት ቀን ነበር። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ድምፅ ማጉያው ሁሉ የሚሠራው በጓሮ ባለው ጀነሬተር ነው። ጋሼ ሠረቀብርሃን በከዘራ ተደግፈው መድረክ ላይ ወጡ። ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ ድምፃቸው ግን ዛሬም ከመሬት ሥር ይወጣል።

"ጥበቃዎቹ ከአጥሩ ማዶ ተቀምጠው ነበር። እኛ እንዘምራለን። አንድ ቃል አልሰሙም! እግዚአብሔር ጆሯቸውን ደፈነ!"

"አሜን!" አለ አዳራሹ። እልልታው ጣሪያውን አነቃነቀው።

ተነስቼ ወጣሁ። ጓሮ ዞሬ ጀነሬተሩን አጠፋሁት።

ጸጥ አለ። ማጉያው ጠፋ፣ ኪቦርዱ ጠፋ። ትንሽ ግራ ተጋብተው ቆዩና፣ ከፊት ያሉት አሮጊቶች ያለ መሣሪያ አንድ የድሮ መዝሙር ጀመሩ። በመስኮቱ በኩል ቃል በቃል ይሰማል። ከአጥሩ ውጭ በቆሎ የምትጠብስ ሴት ቀና ብላ አዳመጠች። እንዲህ ነበር የሚሰማው፤ እንዲህ ግልጽ ሆኖ። እና አባቴ፣ ያን ሁሉ ቅዳሜ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ፣ አንዲት ስንኝ እንኳ አልሰማም።

የበር አስተናጋጁ ልጅ ሮጦ መጣ። "እማማ፣ ነዳጅ አለቀ እንዴ?"

"አላለቀም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

"ኧረ ያስነሱት! ሽማግሌው እየተናገሩ ነው እኮ!"

"ጥራቸው።"

ልጁ ሊጠራቸው አልደፈረም፤ ግን ግርግሩ ራሱ ይዟቸው መጣ። ከዘራቸውን እያስቀደሙ በጓሮው በር ወጡ።

"ማነሽ አንቺ?"

"የጉደታ ልጅ ነኝ።"

ቆሙ። ከዘራው መሬቱን ሁለት ጊዜ ነካ። ልጁን በእጃቸው ወደ ኋላ አሰናበቱት። "ልጄ፣" አሉ በመጨረሻ፣ "ያኔ ብናገር ሁላችንም እናልቅ ነበር።"

"ስለ ያኔ አልጠየቅኩዎትም። ደርግ ከወደቀ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሳህኑን ይዘው በፊቱ ያለፉበትን እሑድ ሁሉ ነው የምጠይቅዎት።"

መዳፋቸውን ይዤ ካንዴላዋን አስጨበጥኳቸው። ምን እንደሆነች አላወቋትም። ጣቶቻቸው ግን ጠቆሩ።

"የእግዚአብሔር ጆሮ መድፈኛ ይቺ ናት" አልኳቸው። "ይግቡና ይንገሯቸው።"

"ድምፅ ማጉያው…"

"አያስፈልግዎትም። ሞተሩ ጠፍቷል፤ ይሰማል።"

ወደ ጀነሬተሩ አዩ። ከማስነሻው ፊት አልተነሳሁም። ለረጅም ጊዜ ቆሙ፤ እኔም ቆምኩ፤ መቆም የለመደ ሰው ልጅ ነኝ። ከዚያ ዞረው በከዘራቸው እየተመሩ ገቡ። መዝሙሩ እየቀነሰ ሄዶ አቆመ። ወንበር ተንቋቋ፤ ሳል ተሰማ። እኔ ከመስኮቱ ሥር ተጠጋሁ።

"ጉደታ የሚባል…" አሉ፤ ድምፃቸው እንደዚያ ቀጭን ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። "ጉደታ የሚባል ሹፌር ነበረን…"

"ጮክ ይበሉ!" አልኩ በመስኮቱ።